ለትምህርት ቤቱ ግቢ መጀመሪያ ውሃውን ጠይቁ

የአንባብያን ጥያቄ፣ የባለሙያዎች መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ ተፈጥሮን መነሻ ያደረገ የግል ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ግቢ ለመንደፍ የተነሱ ወይም በእንዲህ ያለ ግቢ የሚሠሩ ናቸው። ሁለቱ ከተሞች በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይራራቃሉ። ደሴ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ላይበጅ ይችላል። ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻን እየለየን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አዘጋጆች። አምስት ሆነን ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር አንድ ሄክታር ተዳፋት መሬት ይዘናል። 400 ተማሪ የሚይዝ ትምህርት ቤት ልንሠራ ነው። አርክቴክታችን ከላይ ሲታይ የዋንዛ ቅጠል የሚመስል አንድ ትልቅ ሕንፃ ስሎ አምጥቶልናል፤ ሁላችንም ወደድነው። የምናምነው ግንበኛ ግን «ይህ ሥዕል ለዚህ መሬት አይሆንም፣ ጎርፉ ይበላችኋል» አለን። ማንን እንስማ?
ባለድርሻ፣ ከደሴ

መልስ፦ ግንበኛውን ስሙት። አርክቴክቱንም አታሰናብቱት፤ ሥዕሉን ከመሬቱ ተነስቶ እንደገና ይጀምረው።

የቅጠሉን ነገር እናስቀድም። ቅጠል መምሰሉ የሚታየው ከላይ ነው፤ ልጁ የሚውለው ከታች ነው። ለእሱ ተፈጥሮ ማለት በመስኮቱ የሚገባው የጧት ፀሐይ፣ ከክፈፉ የሚንጠባጠበው ዝናብ፣ በእጁ የሚዳብሰው ድንጋይ ነው። ቅርጹ ደግሞ ሁለት ጣጣ ያመጣል። የመጀመሪያው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ደሴ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የመጀቴን ከተማ አፍርሷል። አንድ ወገኑ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብና ጠማማ የሆነ ሕንፃ ሲናወጥ ክብደቱና ጥንካሬው አንድ ቦታ ላይ ስለማይገጥሙ ይጠመዘዛል፤ ጫፍ ላይ ያሉት ኮለኖች ከሁሉ በፊት ይሰበራሉ። ሁለተኛው ጣሪያው ነው። ጠመዝማዛ ጣሪያዎች በሚገናኙበት እጥፋት ላይ በረዶ ይከማችና አሸንዳውን ይደፍነዋል፤ ከዚያ ውሃው ወደ ኮርኒሱ ይገባል።

ሕንፃውን በአራት ማዕዘን ብሎኮች ክፈሉት። የእያንዳንዱ ርዝመት ከስፋቱ ከ4 እጥፍ አይብለጥ፤ ለምሳሌ 9 በ36 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። በብሎኮቹ መካከል መሐንዲሱ አስልቶ የሚሰጠው ክፍተት ይኑር። ብሎኮቹን የመሬቱን እኩል ከፍታ መስመር ተከትላችሁ ስትደረድሯቸው ግቢው ራሱ እንደ ተራራው ይታጠፋል። አርክቴክታችሁ የሚወደው ጥምዝ በዚህ መንገድ ይገኛል፤ ወጪውም ይቀላል።

አሁን ወደ ውሃው። ሰርቬየሩ በየ50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ልዩነት መስመር ያለው ካርታ ያውጣ። ካርታውን ይዛችሁ በሐምሌ ዶፍ ሲወርድ፣ ጃንጥላ ይዛችሁም ቢሆን፣ መሬቱ ላይ ቁሙ። ውሃው በየት ገባ? የት ቆመ? በየት ወጣ? ሦስቱንም በካስማ ምልክት አድርጉ። ከላይና ከታች ያሉትን ጎረቤቶች ጠይቁ፤ በእንዲህ ያለ ነገር የእነሱ ትውስታ ከካርታ ይበልጣል።

መጠኑን ለመገመት ያህል፦ ከእናንተ በላይ ያለው ተዳፋት አንድ ሄክታር ቢሆን፣ ዝናቡ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ቢወርድና ግማሹ ወደ መሬት ባይሰርግ፣ በየሴኮንዱ 83 ሊትር ውሃ ወደ ግቢው ይመጣል። አራት ጀሪካን በአንድ ሴኮንድ ማለት ነው። ይህን የሚቀበለው ከሁሉም ሕንፃዎች በላይ የሚቆፈር የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ነው። ወለሉ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ውስጡ በድንጋይ የተነጠፈ ቢሆን ለዚህ መጠን ይበቃል። ቁልቁለቱ በ100 ሜትር ግማሽ ሜትር ይሁን። ከዚህ በእጅጉ ከበለጠ ውሃው ቦዩን ራሱን ይቦረቡራል፤ ካነሰ ደለል ይሞላዋል። መጨረሻው የተፈጥሮ ጅረት ወይም የከተማው ቦይ እንጂ የጎረቤት አጥር አይሁን። መውጫው አጠገብ አንድ ሜትር ኪዩብ የምትሆን የደለል ጉድጓድ አስቀምጡ፤ በክረምት በየሳምንቱ ትጠረግ። ይህ ቦይ ሳይቆፈር የመሠረት ቁፋሮ አይጀመር። በዚህ ላይ አንደራደርም፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የመጀመሪያው ክረምት የተከፈተውን መሠረት በጭቃ ይሞላዋል።

እርከኑን በተመለከተ፦ ተዳፋቱ ከመቶ 20 ቢሆን ለ10 ሜትር ስፋት ሜዳ 2 ሜትር መቁረጥና መሙላት ይመጣል። በብዛት የሚደረገው ስህተት እዚህ ነው። ግማሹን ቆርጦ ግማሹን ሞልቶ ሕንፃውን መሐል ላይ ማሳረፍ። የተሞላው ወገን ከዓመት ዓመት ይሰምጣል፣ የተቆረጠው ባለበት ይቆያል፤ ግድግዳው በመሐል ይሰነጠቃል። ሕንፃው ሙሉ በሙሉ በተቆረጠው ላይ ይረፍ፤ የተሞላው ለሣር፣ ለአትክልትና ለጨዋታ ይሁን።

የድጋፍ ግንቡን በአካባቢያችሁ ጥቁር ድንጋይ ሥሩ፤ ለዚህ ከወሎ ግንበኛ የተሻለ አታገኙም። ከ1.5 ሜትር በላይ አንድ ረጅም ግንብ ከማቆም ሁለት አጫጭር ግንቦችን በእርከን ማቆም ይሻላል፤ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ መሐንዲስ ያስላው። የግርጌው ስፋት ከቁመቱ ቢያንስ ግማሽ ይሁን፤ ለ1.5 ሜትር ግንብ 75 ሳንቲ ሜትር፣ ቢቻል 90። ከጀርባው 30 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይሞላ። በየ1.5 ሜትሩ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ቱቦ ወደ ውጭ ትንሽ አዘንብሎ ይቀበር። የድጋፍ ግንብ የሚወድቀው በአፈር ክብደት ብቻ አይደለም፤ አፈሩ ውስጥ የታቆረው ውሃ ነው የሚገፋው። ደጋግሞ የሚያጋጥመው ጥፋት ደግሞ ይህ ነው፦ ግንቡ ካለቀ በኋላ ለማሳመር ሲለስኑት ቱቦዎቹን አብረው በሲሚንቶ ይደፍኗቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት አይታወቅም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ግንቡ ሆዱን ይነፋል፣ ከዚያ ይናዳል። ስለዚህ ርክክብ ሲደረግ አንድ ባልዲ ውሃ ከግንቡ ጀርባ አፍስሱ፤ በቱቦው ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ።

ከእርከን ወደ እርከን ደረጃ ብቻ አታድርጉ። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ልጅ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ያስፈልጋል። ይህ ቦታ የሚበላ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ሊገባ አይችልም፤ ከመጀመሪያው ሥዕል ላይ ይኑር።

የጣሪያው ውሃ ሌላው ሀብት ነው። 9 በ36 ሜትር የሆነ ብሎክ ጣሪያው ከነክፈፉ 400 ካሬ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው፤ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና ከአምስት አንዱ ቢባክን 320,000 ሊትር ታገኛላችሁ። ለአዳሪ ያልሆነ ትምህርት ቤት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሰው በቀን 5 ሊትር ይላል፤ በውሃ ለሚለቀቅ መጸዳጃ ተጨማሪ ያስፈልጋል። ለ400 ተማሪ በቀን 2,000 ሊትር ማለት ነው። አንድ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ የአምስት ቀን ቀለብ ብቻ ስለሆነ 50,000 ሊትር የሚይዝ የግንብ ማጠራቀሚያ በላይኛው እርከን ሥር ቢሠራ እንመክራለን፤ ውሃው ያለ ፓምፕ ወደታች ይወርዳል። ከደረቅ ወቅት በኋላ ከዚህ ጣሪያ የሚወርደው የመጀመሪያ 400 ሊትር አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚይዝ ወደ ውጭ ይለቀቅ። የቀረውም ሳይታከም ለመጠጥ አይሁን። መጸዳጃ ቤቱ ከማጠራቀሚያው በታች በኩል ይቀመጥ። ቁጥሩን ደግሞ ይኸው መመሪያ ለ25 ልጃገረዶች አንድ፣ ለ50 ወንዶች አንድ መጸዳጃና አንድ መሽኛ ይለዋል።

ጥያቄ፦ እኛ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ነን። መሬታችን ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የሚያማክረን ድርጅት ሰፊ የመስታወት ግድግዳና የቀርከሃ ጣሪያ ያለው ንድፍ ከባሊ ደሴት ትምህርት ቤት ተነስቶ አቅርቦልናል። ሙቀቱስ? አፈሩስ?
የቦርድ አባል፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ባሊ ያለው ግሪን ስኩል እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ቀርከሃው፣ አናጺውና አየሩ የዚያ አገር ነው። ለእናንተ የቅርብ ዘመድ የሚሆነው የቡርኪና ፋሶ ተወላጁ ፍራንሲስ ኬሬ በትውልድ መንደሩ በጋንዶ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2001 የተጠናቀቀው ትምህርት ቤት ነው። ግድግዳው የታመቀ የሸክላ አፈር ጡብ ነው። ከክፍሉ በላይ አየር የሚያሳልፍ የጡብ ኮርኒስ አለ፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ደግሞ ከእሱ በላይ በብረት ተደግፎ ብቻውን ቆሟል። ፀሐይ ቆርቆሮውን ታግለዋለች፣ በመሐል ያለው አየር ሙቀቱን ይዞ ይወጣል፣ ክፍሉ ቀዝቀዝ ብሎ ይቆያል። ይህ ለኮምቦልቻ ይሆናል። እዚያው ሽቅብ ደሴ ላይ ግን ልጆቹን በብርድ ያስቀጣል።

መስታወቱን ቀንሱት። መስኮቶች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙሩ፤ ወደ ምዕራብ የሚያይ ክፍል ከሰዓት በኋላ ምድጃ ይሆናል። አሁን ከአውሮፓ በተቀዱ ንድፎች ላይ የሚታየውን ጉድለት እንንገራችሁ፦ ጥላ የሚሠሩት ለደቡቡ መስኮት ብቻ ነው። እኛ ያለንበት ኬክሮስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ስለሆነ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ለ1.5 ሜትር ቁመት መስኮት ቀትር ላይ ሙሉ ጥላ ለማግኘት፣ ክፈፉ ልክ ከመስኮቱ ራስ ላይ የሚጀምር ከሆነ፣ በደቡብ በኩል 1.03 ሜትር፣ በሰሜን በኩል 33 ሳንቲ ሜትር መውጣት አለበት። ደሴ ላይ ግን የታኅሣሥ ፀሐይ በረከት ስለሆነች የደቡቡን ክፈፍ 60 ሳንቲ ሜትር አድርጉት፤ የመስኮቱ የታችኛው ክፍል ፀሐይ ይሞቃል።

የክፍሉ ጥልቀት ደግሞ በመስኮቱ ራስ ከፍታ ይወሰናል። የቀን ብርሃን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከዚያ ከፍታ ሁለት እጥፍ ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ነው። የመስኮቱ ራስ 2.7 ሜትር ላይ ቢሆን 5.5 ሜትር ያህል ድረስ በደንብ ይበራል። ክፍሉ 7 ሜትር ከሆነ በተቃራኒው ግድግዳ ላይም ከፍ ያለ መስኮት ይኑር፤ ነፋሱም በዚያው ይሻገራል።

አፈሩ ግን ዋናው ጉዳያችሁ ነው። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። እብጠቱ ቀላል ሕንፃን ወደ ላይ ያነሳል፤ ስለዚህ «ባለ አንድ ፎቅ ነው፣ መሠረቱ ቀለል ይበል» የሚለው ምክር የተገለበጠ ነው። ቢያንስ በሦስት ቦታ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሩ፤ ናሙናው በላቦራቶሪ የእብጠት ምርመራ ይደረግለት። ጠንካራው ንጣፍ ቅርብ ከሆነ ጥቁሩ ተጠርጎ ይውጣና መሠረቱ በዚያ ላይ ይረፍ። ከወለሉ ሥርም ጥቁሩ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካ፤ እየረጠበ ከ20 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ድርብርብ ይጠቅጠቅ። በሕንፃው ዙሪያ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ንጣፍ ይሠራ፤ መሠረቱ አጠገብ ያለው አፈር እርጥበቱ እንዳይለዋወጥ ይጠብቃል። ከግድግዳ ሥር አበባ ተክሎ ዕለት ዕለት ማጠጣት በጥቁር አፈር ላይ አይደረግም። ትልቅ ዛፍም ሲያድግ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከሕንፃው ይራቅ፤ ሥሩ በበጋ ውሃውን መጥጦ አፈሩን በአንድ ወገን ያኮማትረዋል።

ቀርከሃውን ለሕንፃ ሳይሆን ለጥላ ቤትና ለአጥር ተጠቀሙበት። በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውህድ ካልታከመ ነቀዝ ይበላዋል። እግሩም አፈር አይንካ፤ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ዛፍ እንትከል? አምና 300 ችግኝ ተክለን አብዛኛው ደረቀ።
የግቢ ውበት ኃላፊ፣ ከደሴ

መልስ፦ ለደሴ ኮሶ፣ ጥድ፣ ወይራና ዝግባ። ለኮምቦልቻ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ግራርና ብሳና፤ ሰፊ ቦታ ካለ ሾላ፤ ማንጎና አቮካዶም ይበቅላሉ። ኮሶ ኮምቦልቻ ላይ አይደላውም፤ ዋንዛ ደግሞ ደሴ ላይ ገና ልጅ ሳለ ውርጭ ይመታዋል። ባሕር ዛፍ ከግቢው ጫፍ አይለፍ።

ችግኞቻችሁ ለምን እንደደረቁ ሳናይ መናገር አንችልም፤ በብዛት የሚገድለው ግን አተካከሉ ነው። ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፤ 40 ሳንቲ ሜትር በ40፣ ጥልቀቱም 40፣ ለፍራፍሬ 60። የላይኛውን ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛውን በሌላ ወገን ከምሩ። ሐምሌ ላይ መሬቱ በደንብ ሲጠግብ የላይኛውን አፈር በሁለት አካፋ የበሰለ ፍግ ለውሳችሁ መጀመሪያ መልሱት። ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይውለቅ። ቸኩሎ ከሥሩ ብቻ ቀዶ መትከል የተለመደ ነው፤ ሥሩ በላስቲኩ ውስጥ እንደ ልቃቂት ይጠመጠምና ዛፉ በሁለተኛው ዓመት ቆሞ ይደርቃል። የተጠማዘዘ ሥር ካያችሁ ጫፉን በስለት ቁረጡት። ችግኙ በችግኝ ጣቢያው ከነበረበት ጥልቀት አይለፍ። በተዳፋት ላይ ከታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የአፈር ክትር ይሠራለት። መስከረም ሲወጣ ሥራው አያልቅም፤ በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጀሪካን ውሃ ለእያንዳንዱ ይፈልጋል። ለ300 ችግኝ 6,000 ሊትር በሳምንት ነው። ይህን ማጠጣት የማትችሉ ከሆነ 60 ብቻ ትከሉ፤ ስድሳው ይጽደቅ።

ልጆች ባሉበት የማይተከሉ አሉ። ቅንጭብና ቁልቋል ወተታቸው ዓይን ሊያሳውር ይችላል። የጉሎ ፍሬ ጥቂቱ ልጅ ሊገድል ይችላል፤ በየጥጋጥጉ ራሱን ስለሚዘራ በየወሩ ይፈለግና ይነቀል። አስተናግርም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሲጥል የቆርቆሮው ጩኸት ትምህርት ያስቆማል። ምን ይደረግ?
መምህርት፣ ከደሴ

መልስ፦ ገና ያልተሠራ ጣሪያ ከሆነ ወፍራም ቆርቆሮ ይገዛ፤ 28 ጌጅ ከ35 ጌጅ ይወፍራል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል። ቆርቆሮው ከማገሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የላስቲክ ወይም የወፍራም ጨርቅ ጥብጣብ ይግባ፤ ሚስማር ሳይሆን ጎማ ያለው ብሎን ይሁን። ነባር ጣሪያ ከሆነ ከባድ ኮርኒስ ያስፈልጋል። አቡጀዲ ድምፅ አይይዝም፤ ቺፑድ ወይም ጂብሰም ከላዩ 5 ሳንቲ ሜትር የመስታወት ሱፍ ተነጥፎበት፣ ከቆርቆሮው ጋር ሳይነካካ ለብቻው ተሰቅሎ ይቀመጥ። የኮርኒሱ ጠርዝ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ስንጥቅ ሁሉ ይደፈን፤ ድምፅ የሚገባው በስንጥቅ ነው። ይኸው ሥራ የደሴን ብርድም ይመክታል።

ጥያቄ፦ ከተለያየ አገር የመጡ ልጆች አስተምራለሁ። ግቢው ራሱ እንዲያስተምር የሚያደርግ ርካሽ ነገር ካለ ንገሩኝ።
የሳይንስ መምህር፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ጥላ በማያርፍበት ሜዳ ላይ 1 ሜትር ቁመት ያለው ቀጥ ያለ ብረት ትከሉ፤ ዙሪያውን በሲሚንቶ ልሰኑት፤ በውሃ ልክ ደረጃው ይስተካከል። ጫፉ ሹል አይሁን፤ ኳስ ይሸፈንበት። ልጆቹ በየሳምንቱ ቀትር ላይ የጥላውን ጫፍ በቀለም ነጥብ ያድርጉ። እኛ ካለንበት የሰዓት ቀጠና አንጻር እውነተኛው ቀትር ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ታኅሣሥ 13 ገደማ ጥላው ወደ ሰሜን 69 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ሰኔ 14 ገደማ ወደ ደቡብ ዞሮ 22 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በመካከሉ በዓመት ሁለቴ፣ ሚያዝያ 11 እና ነሐሴ 18 አካባቢ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም ብረቱ ጥላ አይኖረውም። ነሐሴ ላይ ደመናውም አለ፣ ልጆቹም እረፍት ላይ ናቸው፤ ለሚያዝያው ተዘጋጁ። በዚያ ቀን ልጆቹ ወደ አገራቸው ላሉ ዘመዶቻቸው ደውለው እዚያ በቀትር የአንድ ሜትር እንጨት ጥላ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ቁጥሮቹን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከእናንተው ዜሮ ጎን ይጻፉ።